በጫሞ ዳር ማሳ ውስጥ ያለው ብረት

«አፈሩ ተመርምሮ ከባድ ብረት ተገኘበት» ሲባል ሰው ይደነግጣል። ብረት የሌለበት አፈር ግን የለም። ዚንክና መዳብ እንኳ በልክ ሲሆኑ ለሰብል ያስፈልጋሉ። መጠየቅ ያለበት፣ ብረቱ ከየት መጣ? ምን ያህሉስ ወደ ሰብሉ ይገባል? የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ድንጋዩ ራሱ ነው። ኩልፎና ሲሌ ከጋሞ ደጋ ጠርገው ወደ ጫሞ የሚያወርዱት ደለል በአመዛኙ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ከባዛልት የሚገኝ አፈር ደግሞ ከግራናይት ከሚገኘው ይልቅ በተፈጥሮው ኒኬልና ክሮሚየም ይበዛበታል። በዚህ የሚከሰስ የለም።

ሁለተኛው የሰው እጅ ነው፤ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ቆሻሻ፣ አሮጌ ባትሪ፣ መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒት። በአቃቂ ወንዝ የሚለማውን የአዲስ አበባ አትክልት ጉዳይ ያልሰማ የለም። ብዙ የማይነገርለት ግን ማዳበሪያ ነው። ከደለል ድንጋይ የሚወጣ ፎስፌት ካድሚየም ይዞ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለፎስፌት ማዳበሪያ በአንድ ኪሎ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ 60 ሚሊግራም የካድሚየም ጣሪያ አስቀምጧል።

ያም ሆኖ ወሳኙ የአፈሩ ጠባይ ነው። ያው ማዳበሪያ ጨንቻ ላይ ሲበተንና ከአርባ ምንጭ በታች ባለው የሙዝ ማሳ ላይ ሲበተን ውጤቱ አንድ አይደለም። የደጋው አፈር አሲዳማ በመሆኑ ካድሚየም ይሟሟና ሥር ያገኘዋል፤ እዚያ ኖራ መጨመር ምርት ከማሳደግ ሌላ ጥቅም አለው ማለት ነው። የቆላው አፈር አሲድነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አብዛኛውን ብረት አስሮ ይይዛል፤ ሸክላና ፍግም ያግዙታል። ይሁን እንጂ ይህ ዋስትና አይሆንም። አርሰኒክ እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፤ በመስኖ የሚጠራቀም ጨውም የታሰረውን ካድሚየም ይፈታል።

ፀረ ተባይ ቢዘገይም በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ብረት ግን አይበሰብስም። ወይ ሰብል ይወስደዋል፣ ወይ ጎርፍ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል፣ ወይ እዚያው ይቀመጣል። ከጫሞ ደግሞ ውኃው በአብዛኛው የሚወጣው በትነት ነው፤ ብረት አይተንም።

በሕግ በኩል፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ተከሳሹ «ብረቱ ከድንጋዩ የመጣ ነው» ቢል፣ ፋብሪካው ከመተከሉ በፊት ያልተለካ ማሳ ያለው ገበሬ በምን ይመልስለታል? አንድ ከረጢት አፈር አስቀድሞ ማስመርመር ከጠበቃ አበል ይረክሳል።