ካርቦንና ናይትሮጅን በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ፦ የዩሪያ ካታሊስት ንድፍ ከየት ይጀምር?

ገበሬው በየማሳው የሚበትነው ዩሪያ ዛሬ የሚመረተው አሞንያንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በ150 ባር ገደማ ግፊትና በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት በማዋሃድ ነው። ለአሞንያው የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ይወጣል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ተመራማሪዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ናይትሬትን በኤሌክትሪክ ኃይል በቀጥታ ወደ ዩሪያ መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። ዘርፉ እንደገና የተነቃቃው ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነው።

በዚህ መንገድ አንድ የዩሪያ ሞለኪውል ለመሥራት 16 ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ። በየእርምጃው ማፈንገጫ አለ፦ ካርቦኑ ፎርሜት ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ያመልጣል፤ ናይትሬቱ አሞንያ ይሆናል፤ ውሃው ራሱ ኤሌክትሮኑን ወስዶ ሃይድሮጅን ይለቃል። እዚህ ላይ የተለመደው የካታሊስት አስተሳሰብ አያዋጣም። ናይትሬትን በፍጥነት አሞንያ ላይ የሚያደርስ ገጽ በሌላ ሥራ ይመሰገናል፤ ለዩሪያ ግን ጠንቅ ነው። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱና ከናይትሬቱ የሚወጡት ሁለቱ መካከለኛ ውህዶች ገና በግማሽ መንገድ ሳሉ፣ በአጎራባች አቶሞች ላይ፣ በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። በእኔ እምነት ንድፉ መጀመር ያለበት ከዚህ የመገናኛ ቅጽበት እንጂ ከፍጥነት አይደለም።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) የቀረበውን ሥራ እንይ። የፓላዲየምና የመዳብ ቅይጥ የኦክስጅን ክፍተት ባለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ተቀምጦ፣ ከናይትሮጅን ጋዝ በመነሳት 8.92 በመቶ ፋራዳያዊ ብቃት አስገኘ፤ ይኸውም ከፈሰሰው ኤሌክትሪክ ወደ ዩሪያ የገባው ድርሻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ናይትሬትን የተጠቀመ የኢንዲየም ሃይድሮክሳይድ ካታሊስት 53.4 በመቶ ደረሰ። እኔን የሚስበኝ ከአሃዙ ይልቅ የቀረበው ማብራሪያ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጣበቅበት የገጹ ኤሌክትሮናዊ ባሕርይ ይለወጣል፤ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ተጠራቅሞ ፕሮቶኖችን ይገፋል፤ የሃይድሮጅን መውጣትም ይታፈናል። ካርቦኑና ናይትሮጅኑም የሚጣመሩት ገና በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ነው። ካታሊስቱ ለዩሪያ የሚያመች ገጽ የሚሆነው በራሱ ግብዓት አማካይነት ነው ማለት ነው።

ልኬቱም የንድፉ አካል ነው። ዩሪያን በቀለም ለውጥ የሚለካው የዳያሴቲል ሞኖክሳይም ዘዴ ናይትራይት ባለበት ይዛባል፤ ናይትራይት ደግሞ ናይትሬት ኤሌክትሮን ሲቀበል የማይቀር ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ በናይትሮጅን-15 ምልክት የተደረገበት ግብዓት ተጠቅሞ ውጤቱን በኒውክሊየር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ያላረጋገጠ ጥናት፣ ያቀረበው ብቃት ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ ለቀጣይ ንድፍ መነሻ ሊሆን አይገባም።