የቲማቲም ሰላጣ

የቲማቲም ሰላጣ ጥሬ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፈው በሎሚ፣ በዘይትና በጨው የሚለወሱበት፣ እሳት የማይነካው ማባያ ነው። በጾም በያይነቱ ላይ ከምስር ወጥ፣ ከክክ አልጫና ከጎመን ጋር አብሮ ይቀርባል፤ በፍስክም ከጥብስ ጎን አይታጣም። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ቲማቲምም ቃሪያም መሠረታቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። የቲማቲም የዱር ዘመዶች በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች አካባቢ ይበቅላሉ፤ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔናውያን አማካይነት ነው። በኢትዮጵያ ዛሬ በመስኖ በስፋት ከሚመረትባቸው ቦታዎች መካከል በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት የመቂና የባቱ (ዝዋይ) አካባቢዎች እንዲሁም የአዋሽ ተፋሰስ ይገኙበታል። አዳማ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም መልካሾላንና መልካሳልሳን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አውጥቷል።

ለአራት ሰው 4 መካከለኛ ቲማቲም፣ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ቃሪያ፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ቲማቲሙ በደንብ የቀላ፣ ሲጫኑት ግን ጠንከር የሚል መሆን አለበት። ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ቲማቲም መዓዛው ስለሚቀንስ፣ በሚበላበት ቀን ከገበያ የመጣው ይመረጣል።

ይህን ሰላጣ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ሰዓቱ ነው። ጨው ከአትክልት ውስጥ ውሃ ስቦ ያወጣል፤ ቀድሞ የተለወሰ ሰላጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ውሃ ቋጥሮ፣ ቲማቲሙ ልሞ፣ ከሥሩ ያለውን እንጀራ ያርሰዋል። ስለዚህ የተከተፈው ለብቻው ይቀመጥና ሎሚው፣ ዘይቱና ጨው በሌላ ዕቃ ተመተው ገበታ ሊቀርብ ሲል ይፈስበታል። ሽንኩርቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቢላዋ ሲያርፍበት ሕዋሶቹ ይቀደዱና የሚያቃጥሉ የሰልፈር ውህዶች ይፈጠራሉ። ስስ አድርጎ ከትፎ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይህን ያለዝበዋል። የቃሪያ ማቃጠል ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከፍሬው ሳይሆን ፍሬውን ከያዘው ነጭ ክፍል ነው የሚመጣው፤ እሱን ፍቆ ማውጣት ለልጆችም የሚሆን ሰላጣ ያስገኛል።

መቶ ግራም ጥሬ ቲማቲም ከ94 ግራም በላይ ውሃ ሲሆን የሚሰጠው ኃይል 18 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ከጎኑ ከሚቀርበው ምግብ ጋር ሲገናኝ ይታያል። በምስር፣ በሽሮና በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ በጥሬ ቲማቲም፣ በቃሪያና በሎሚ ያለው ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲበላ ብረቱ በተሻለ እንዲመጠጥ ያግዛል። ሙቀት ይህን ቫይታሚን ስለሚቀንሰው የጥሬው ድርሻ በወጥ አይተካም። ዘይቱም ቢሆን ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን በስብ የሚሟሟ በመሆኑ ያለ ዘይት እምብዛም አይመጠጥም።

ቁርጥራጭ እንጀራ ሲጨመርበት የቲማቲም ፍትፍት ይሆናል። አንዳንዱ የሰላጣ ቅጠል ወይም አቮካዶ ያክልበታል። ቲማቲም ለብለብ ግን እሳት የሚነካው በመሆኑ ሌላ ምግብ ነው። በአሜሪካ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የአገር ቤት ቃሪያ ሲጠፋ ጃላፔኞ ይተካዋል።

ጥሬ የሚበላ ነገር ንጽሕናው ከጣዕሙ ይቀድማል። በተበከለ ውሃ የለማ ወይም የታጠበ አትክልት ታይፎይድን፣ አሜባንና ወስፋትን ያስተላልፋል። ሎሚ ጀርሙን ይገድለዋል የሚለው እምነት አያስተማምንም፤ ሰላጣው ላይ የሚጨመቀው ሎሚ የእጥበትን ቦታ አይተካም። ቲማቲሙ ሳይከተፍ በንጹሕ የሚፈስ ውሃ እየታሸ ይታጠብ፣ የሰላጣ ቅጠልም አንድ በአንድ ተገንጥሎ ይታጠብ። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳይታጠብ ለሰላጣ አይዋል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ሰላጣም አይበላ።