ማኅተሙ የታለ?

ቡታጅራ ውስጥ የማረቆ በርበሬ በጅምላ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ የሽያጭ ፕሮግራማቸውን ከፍተው አሳዩኝ። «የጊዜ ማኅተም፦ 16:00» ይላል። «ልጄ፣ መጀመሪያ ማኅተሙ የታለ? ሲቀጥል፣ እኔ የሸጥኩት ማታ 1 ሰዓት ነው። 16 ሰዓት የሚባል አለ እንዴ?»

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። ዳታቤዙ የያዘው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ኮዱ ሲያነበው 3 ሰዓት ደምሮ 19:00 ማድረግ፣ ከዚያም በእኛ አቆጣጠር «ማታ 1» ማለት ነበረበት።

ያንገበገበኝ የመጀመሪያው ነው። ታይምስታምፕን «የጊዜ ማኅተም» ያለው ሰው ቃሉን እንጂ ነገሩን አልተረጎመም። ማኅተም ከግእዙ «ኀተመ» ነው፤ አተመ፣ አሸገ፣ ዘጋ። ቢሮም ብትሄዱ ቲተር ብቻውን አያስተማምንም፤ ደብዳቤን ደብዳቤ የሚያሰኘው ማኅተሙ ነው። ታይምስታምፕ ግን ምንም አያጸድቅም፤ መቼ እንደሆነ ብቻ ይናገራል። የታሸገም አይደለም፤ አንባቢው በያለበት በየሰዓቱና በየዘመን አቆጣጠሩ ይፈታዋል።

ታዲያ ምን እንበለው? «ቀንና ሰዓት» ይገባል፤ ግን ሁለት ነገር ይመስላል። «የጊዜ አሻራ» ደግሞ ወንጀል ምርመራን ያስታውሳል።

እኔ «ቀነ ሰዓት» እላለሁ። መንገዱ የተጠረገ ነው፤ ፍርድ ቤት «ቀነ ቀጠሮ» ይሰጣል፣ ባለዕዳ «ቀነ ገደብ» ያልፍበታል። «በዚህ ስልት እኮ ‹የሰዓት ቀን› ማለት ይሆናል» የሚል ሰዋስወኛ አይጠፋም። ይሁን! ሰዓት ያለው ቀን ማለት ነው፤ ከባዶው «ቀን» የሚለየውም ይኸው ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩበት መነሻ እንኳ ቀነ ሰዓት አለው፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት።

ቃል ማስተካከል ብቻውን ኮድ አያስተካክልም። ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበረች የ2016 መስቀል የዋለው በፈረንጆች መስከረም 28 ነው። አዲስ ዓመት ሁልጊዜ በእነሱ 11 ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ ያን ዕለት «መስከረም 18» ይላል። መስቀልን በአንድ ቀን ያሳለፈ ፕሮግራም ወልቂጤ ላይ ማን ይገዛዋል?

የነጋዴውን ገጽ አስተካከልኩት፦ «ቀነ ሰዓት፦ ማታ 1:00»። አዩት፣ ሒሳባቸውን ቀጠሉ። ስለ ቃሉ አልጠየቁኝም።