ከመርካቶ የገዛችሁት ቺፕ «ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ አቪአርዱድ ማወቅ ያለባችሁ

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ይሄ ቺፕ ይሠራል አይደል?» ሻጩ «አዲስ ነው» ይላል፤ ከጀርባው ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቤት ገብታችሁ አልሠራ ሲል፣ በቃ ብሩ ቀለጠ ትላላችሁ። እኛም ብለን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ግን ቺፑ ደህና ነው፣ ያልገባን ቋንቋው ነው። ይህን የሚያጣራልን አቪአርዱድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው።

ምንድን ነው?
አቪአርዱድ ከኮምፒውተር ወደ አቪአር ቺፖች ኮድ የሚጭን፣ በውስጣቸው ያለውንም የሚያነብ ክፍት ሶርስ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የጻፈው ብራያን ዲን ነው። የሚጫን በተን የለውም፤ ተርሚናል ከፍታችሁ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ «አፕሎድ» ስትሉ ከጀርባ የሚሠራውም እሱ ነው። የኡኖ ቺፕ አትሜጋ328ፒ ይባላል፤ ለኮድ 32 ኪሎባይት ቦታ አለው።

ምን ያስፈልጋል?
ላፕቶፕ፣ ዩኤስቢኤኤስፒ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራመርና ገመዶች። ባለ 28 እግሩ አትሜጋ328ፒ ላይ ሞሲ 17ኛው፣ ሚሶ 18ኛው፣ ኤስሲኬ 19ኛው፣ ሪሴት 1ኛው እግር ላይ ይገባሉ። 5 ቮልት ወደ 7 እና 20፣ ግራውንድ ደግሞ ወደ 8 እና 22 ይሄዳል።

ትዕዛዙ እንዴት ይጻፋል?
መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎ ሰረዝ ያላቸው ፊደላት ይመጣሉ። ካፒታልና ስሞል ይለያያሉ፣ አታምታቱ።
• ስሞል ሲ፦ የፕሮግራመሩ ስም
• ስሞል ፒ፦ የቺፑ ስም (ለእኛ ኤም328ፒ)
• ካፒታል ቢ፦ የንግግሩን ፍጥነት መቀነሻ
• ካፒታል ዩ፦ ማንበቢያና መጻፊያ። የሜሞሪው ስም፣ ከዚያ አር (ማንበብ) ወይም ደብሊው (መጻፍ)፣ ከዚያ የፋይሉ ስም በሁለት ነጥብ እየተለዩ ይጻፋሉ።

አንደኛ፦ ፊርማውን አንብቡ
ስሞል ሲንና ስሞል ፒን ብቻ ጽፋችሁ አስነሱት። እያንዳንዱ ዓይነት ቺፕ የራሱ ፊርማ አለው። 1ኢ 95 0ኤፍ ካለ አትሜጋ328ፒ ነው። 1ኢ 95 14 ካለ «ፒ» የሌለው አትሜጋ328 ነው፤ ይሠራል፣ የቺፑን ስም ኤም328 ብላችሁ አስተካክሉ። ካፒታል ኤፍ ጨምራችሁ ማስጠንቀቂያውን በግድ አትለፉት። ፊርማው የቺፑን ዓይነት እንጂ ኦሪጅናል መሆኑን አያረጋግጥም። በተራ ዩኤስቢ ገመድ በኩል ካነበባችሁ ደግሞ የሚመልስላችሁ ቡትሎደሩ ነው እንጂ ቺፑ ራሱ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ዝም ካለ ፍጥነት ቀንሱ
ብዙ ሰው ቺፑን የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። አዲስ አትሜጋ328ፒ ከፋብሪካ ሲወጣ በ1 ሜጋኸርዝ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ፕሮግራመሩ ከቺፑ ፍጥነት ሩብ በታች፣ ማለትም ከ250 ኪሎኸርዝ በታች ማውራት አለበት። ዩኤስቢኤኤስፒ ግን ካልነገራችሁት በ375 ይናገራል። ቺፑ አይሰማውም፣ ስክሪኑ ላይ ኤረር ይመጣል። መፍትሔው ካፒታል ቢ 10 ብሎ መጨመር ነው።

ሦስተኛ፦ አሮጌ ከሆነ ክሪስታል ስጡት
ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ቺፕ አግኝታችሁ ከሆነ፣ የቀድሞ ሥራው በውጭ ክሪስታል ሊሆን ይችላል። 9ኛውና 10ኛው እግር መካከል 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ከተቆለፈ የድሮውን ኮድ አታገኙትም፤ በስሞል ኢ ስታጠፉት ግን ቁልፉም አብሮ ይነሳል፣ ለራሳችሁ ኮድ ይሆናል።

ፊውዝ ላይ አትቸኩሉ
ፊውዝ ማለት የቺፑን ፍጥነትና ጠባይ የሚወስኑ ቅንብሮች ናቸው። ሳታነቡና ሳትመዘግቡ አትቀይሩ። በተለይ የሪሴትን እግር የሚያጠፋውን ከነካችሁ ዩኤስቢኤኤስፒ ዳግም ሊያናግረው አይችልም፤ ባለ 12 ቮልት ልዩ ፕሮግራመር ያስፈልጋችኋል። ቺፕ በራሳችን እጅ «የምንገድለው» እንዲህ ነው።

ለግዢ ምክራችን
አሥር ቺፕ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አንድ ግዙ። ፊርማውን አንብቡ፣ ትንሽ ኮድ ጫኑበት፣ ከዚያ ለቀሪው ዘጠኝ ተመለሱ። ደንበኛ የሆናችሁበት ሱቅ ካለ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ እዚያው ለመሞከር ጠይቁ። የማይመለስ ዕቃ የሚፈተሸው ከመክፈል በፊት ነው።

ፕሮጀክት ላይ ለተጠመደ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።