ለውሻው የተሰጠው መድኃኒት፦ የእብድ ውሻ በሽታ ፈውሶች ታሪክ

የቤት ውሻው በእብድ ውሻ የተነከሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ እንስሳት ሐኪም ሳይሆን ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። ዕፁ ይቀጠቀጣል፤ በወተት ወይም በአሬራ ይበጠበጣል፤ ውሻውም ተይዞ ይጋታል። ከሳምንት በኋላ እንደ ወትሮው ሲበላና ደጁን ሲጠብቅ ከታየ «ዳነ» ይባላል፤ ልጆችም እንደ ቀድሞው ያቅፉታል። ይህ ልማድ የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ላላነሰ ጊዜ በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በምዕራብ አውሮፓና በኢትዮጵያ ደጋዎች ሲሠራበት ኖሯል። በዚህ ረጅም ዘመን መድኃኒቱ በየጊዜው ሲለዋወጥ የቀረበለት ማስረጃ ግን አልተለወጠም፦ ለውሻው ተሰጠው፣ ውሻውም አላበደም የሚል ነው።

አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ በሽታው በእብድ ውሻ ከተነከሰ እንስሳ ሁሉ እንደሚጋባ፣ ሰውን ግን እንደማይዝ ገልጾ ነበር። ይህ ስሕተት በእርሱ ስም ክብር ተሸፍኖ ለዘመናት አከራከረ። ሮማዊው ኬልሱስ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ከዚህ የተሻለ መንገድ ያዘ። መርዙ ከቁስሉ በዋግምት እንዲሳብ፣ ቁስሉም በእሳት እንዲተኮስ አዘዘ። ውኃ መፍራት የጀመረውን ሕመምተኛ ሳያስበው ኩሬ ውስጥ መጣል እንደሚገባ የጻፈውም እርሱ ነው፤ ይህኛው ምክር ማንንም አላዳነም። ጋሌን የወንዝ ሸርጣን አመድ ያዝዝ ነበር። ፕሊኒ ደግሞ የዱር ጽጌረዳ ሥር ይመክራል። ይህች ተክል የእኛው የቀጋ ዘመድ ስትሆን፣ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች እስከ ዛሬ «የውሻ ጽጌረዳ» እየተባለች የምትጠራው በዚህ የተነሳ እንደሆነ ይነገራል።

ፕሊኒ ከመዘገባቸው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ግን ዕፅ ሳይሆን ቢላዋ ነበር። በውሻ ምላስ ሥር «ትል» አለ፤ ቡችላው ሳያድግ ይህ ትል ከተቆረጠለት አያብድም የሚል እምነት ነበር። ትል የተባለው በእውነቱ በማንኛውም ጤነኛ ውሻ ምላስ ውስጥ የሚገኝ፣ ስብና ጅማት የተቀላቀለበት ቀጭን ገመድ መሰል አካል ነው። ትሉ የተቆረጠላቸው ውሾች ሲያብዱ እየታየ እንኳ ይህ ድርጊት በአውሮፓ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ቀጠለ። በአርዴን ደኖች አካባቢ ደግሞ በቅዱስ ሁበርት ስም የተባረከ ቁልፍ መሰል ብረት በእሳት ይግልና የውሻው ግንባር ይተኮስበት ነበር። ብረቱ በተነከሰ ሰው ቁስል ላይ ወዲያው ሲያርፍ ኬልሱስ ካዘዘው ተኩስ ስለማይለይ ጥቂት ጥቅም ሳይኖረው አልቀረም፤ በጤነኛ ውሻ ግንባር ላይ ግን ከጠባሳ በቀር የሚተወው ነገር አልነበረም።

የሕክምና ማኅበረሰቡ ራሱ እንዴት እንደተታለለ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የለንደኑ ዱቄት ታሪክ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በእርጥብ መሬት ላይ የሚለጠፍ አመድማ ላይከን ለእብድ ውሻ ንክሻ እንደሚጠቅም የሚገልጽ ጽሑፍ በለንደን ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ወጣ። እውቁ ሐኪም ሪቻርድ ሚድ ይህንኑ ላይከን ከቁንዶ በርበሬ ጋር አዋህዶ አቀረበው። ውሁዱም «ፑልቪስ አንቲሊሰስ» በሚል ስም በ1721 በለንደን የመድኃኒት መድብል ውስጥ ገባ። ሕመምተኛው አስቀድሞ ደም ይወጣለታል፤ ዱቄቱን በሞቀ የላም ወተት ለአራት ጠዋት ይጠጣል፤ ከዚያም ለአንድ ወር ያህል በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል። ሚድ የንጉሥ ሐኪም የነበረ፣ የተማረና ቅን ሰው ነው። በረጅም የሥራ ዘመኑ ዱቄቱን ለብዙ ሰዎች ሰጥቶ ከሽፎበት እንደማያውቅ መስክሯል። ሆኖም ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ዱቄቱ ከመድብሉ ወጣ። ላይከኑ ብቻ በሳይንሳዊ ስሙ «የውሻ» እንደተባለ ቀረ። በዚያው ዘመን ሮበርት ጄምስ የተባለ ሌላ ሐኪም ለአዳኝ ውሾች የሜርኩሪ ውሁድ እየሰጠ ፈውስ ማግኘቱን አስታወቀ፤ ስለ ውሾች እብደት የጻፈው መጽሐፍም በ1760 ታተመ። ላይከኑ ቢያንስ ጉዳት አልነበረውም። ሜርኩሪው ግን ራሱን የቻለ መርዝ ነበር።

ሚድ አልዋሸም፤ ያሳሳተው ቁጥሩ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ጆን ሀንተር አንድ ውሻ ከነከሳቸው ሃያ አንድ ሰዎች መካከል የታመመው አንድ ብቻ መሆኑን አስተውሎ ነበር። ዛሬ ምክንያቱ በሚገባ ይታወቃል። ከሚናከሱት ውሾች ብዙዎቹ በሽታው የለባቸውም። በሽታው ያለበት ውሻም ቢሆን በምራቁ ውስጥ የሚያወጣው ቫይረስ መጠኑ ይለያያል፤ ልብስ ምራቁን ይጠርጋል፤ እግር ላይ ያረፈ ጭረት ከፊትና ከእጅ ንክሻ ያነሰ አደጋ አለው። ስለዚህ ከሃያ አንዱ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኩባያ ወተት ብቻ ቢሰጣቸው ኖሮ ወተቱ ሃያ ሰዎችን «አድኗል» ይባል ነበር። በዚህ ላይ የመፈልፈያው ጊዜ ይጨመርበታል። የተነከሰ ውሻ ምልክት የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢሆንም እስከ ስድስት ወር ሊዘገይ ይችላል። መድኃኒቱ የሚመሰገነው በሳምንቱ ነው፤ በአራተኛው ወር ውሻው ሲያብድ ግን ነገሩ እንደ አዲስ ንክሻ ይቆጠራል እንጂ መድኃኒቱን የሚወቅስ አይኖርም።

ይህን የተሳሳተ ስሌት በትዕግሥት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዊልያም ዩአት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በለንደን በርካታ ያበዱ ውሾችን አይቷል፤ በዘመኑ የታወቁትን ዕፆችና ምስጢራዊ ቅመሞችም ሞክሯል። አንድ ጊዜ ተስፋ የሰጠው ዕፅ በሌላ ጊዜ ሲከሽፍበት ሁለቱንም ሳይደብቅ ጻፈ። እርሱ ራሱ በያበዱ ውሾች በተደጋጋሚ ተነክሷል። በእነዚያ ጊዜያት ግን ከሞከራቸው ዕፆች አንዱንም አልጠጣም፤ ንክሻውን ወዲያውኑ በሲልቨር ናይትሬት ይተኩሰው ነበር። ለሌሎች የሚቀርበውን ፈውስ መርማሪው ለራሱ አለመምረጡ ከብዙ የጽሑፍ ክርክር ይልቅ የሚናገር ነው። ከእርሱ በፊት፣ በ1804፣ ጀርመናዊው ጌኦርግ ጎትፍሪድ ዚንከ ያበደ ውሻ ምራቅ በጤነኛ ውሻ ቁስል ላይ ሲቀባ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አሳይቶ ስለነበር፣ ቁስሉን ማከም ትክክለኛ አቅጣጫ መሆኑ ከዚያ ወዲህ ማስረጃ አግኝቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው የታወቀ ነው። ፓስተር በሐምሌ 1885 ለዮሴፍ ማይስተር ክትባቱን ሰጠ። ብሪታንያ ደግሞ ለውሾቿ ክትባት ሳትሰጥ፣ የአፍ መሸበቢያን በሕግ በማስገደድ፣ ባለቤት አልባ ውሾችን በመሰብሰብና ከውጭ የሚገቡትን በማቆየት በሽታውን በ1902 አጠፋች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ተመልሶ ቢገባም በ1922 እንደገና ጠፍቷል።

በኢትዮጵያ በሽታው ለዘመናት የታወቀ ለመሆኑ የደብተራዎች የመድኃኒት መጻሕፍት ምስክር ናቸው። በ1903 የተከሰተ ወረርሽኝም ተመዝግቧል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 የበሽታውንና የባህላዊ ሕክምናውን ታሪክ በአንድ ጥናት አቅርበዋል። ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የዕፀዋት ጥናቶች ለዚህ በሽታ እንደሚሰጡ ከዘረዘሯቸው መካከል እንዶድ፣ የምድር እምቧይ፣ ብሳና፣ ሰንሰልና ቁልቋል ይገኙባቸዋል። ለሰውም ለውሻም የሚሰጡ አሉ። የብዙዎቹ የጋራ ጠባይ ማስመለስና ማስቀመጥ ነው፤ መርዙ በዚያ መንገድ እንደሚወጣ ይታመናልና። ቫይረሱ ግን በሆድ ዕቃ ውስጥ አይገኝም። ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ማስቀመጡም አይደርስበትም።

እነዚህ ዕፆች አቅም የሌላቸው ናቸው ማለት አይደለም። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን ስላለው ልብስ ያጥባል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር እንዳስተዋሉትም የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል። ይኸው ጉልበቱ ግን በመጠን ካልተያዘ የሚጠጣውን አካል ይጎዳል። አዋቂው መጠኑን የሚለካው በጣቱና በእፍኙ በመሆኑ ለትልቅ የእረኛ ውሻ የሚበቃው ለትንሽ ቡችላ ሞት ሊሆን ይችላል። የቁልቋል ወተት አፍንና ዓይንን ያቃጥላል። መድኃኒቱን የሚግተው ሰው ደግሞ እጁን የሚሰደው በተጠረጠረ ውሻ አፍ ውስጥ ነው፤ ጣቱ ላይ ያለ አንድ ጭረት ከውሻው ንክሻ ባላነሰ መንገድ በር ይከፍታል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ይህ ታሪክ የሚመጣው ሕፃን ልጁ በራሱ ውሻ ተነክሶበት «ውሻውስ መድኃኒቱን ጠጥቷል» በሚል አባት አፍ ነው። በዚህ ጊዜ የተጋተው ዕፅ ሁለተኛ ችግር ያስከትላል። ነካሹ ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ ለአሥር ቀን ታስሮ የሚጠበቀው፣ ቫይረሱን በምራቁ የሚያወጣ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ታምሞ ስለሚሞት ነው። ዕፅ የተጋተ ውሻ ግን ያስመልሳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ምግብ ይተዋል፣ ይደክማል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በበሽታው የሚታዩ ምልክቶች በመሆናቸው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ባለቤቱም «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ምን ዕፅ፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደተሰጠ መጠየቅና በካርዱ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው በወቀሳ ድምፅ ከተነሳ ግን እውነተኛው መልስ አይገኝም። የልጁ ቁስል ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ክትባቱ የውሻውን አሥር ቀን ሳይጠብቅ ይጀመራል፤ ቆዳን የበሳ ንክሻ ከሆነ ኢሚውኖግሎቡሊን ይጨመርለታል። ውሻው በአሥረኛው ቀን በሕይወትና በሙሉ ጤና ከተገኘ የቀረው ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። ከሞተ ጭንቅላቱ ለላቦራቶሪ ምርመራ ይላካል።