ኪኒኑ ለማን ይሆናል? የቤይሩት ሐበሾችና የውርጃ ሕግ

«ይሄ ኪኒን ለእኔ ይሆነኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ያለበት ሐኪም ነው። በቤይሩት ግን ለሐበሻ የቤት ሠራተኛ ሲመልሱላት የኖሩት ጓደኞቿ፣ ፋርማሲ ውስጥ የቆመው ሻጭ፣ ወይም እንደ እኔ ከአገር ቤት ጤና ረዳት ሆና የመጣች ሴት ናቸው። ወደዚህ ያደረሰን ሕጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣው የሊባኖስ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 539 ጀምሮ ውርጃን ይከለክላል። ያስወረደች ሴት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ትታሰራለች፤ የሸጠላትም ይቀጣል። በ1969 የወጣ ድንጋጌ ለሐኪሞች ጠባብ በር ከፈተላቸው፦ የእናቲቱን ሕይወት ለማትረፍ ሌላ መንገድ ከታጣና ሁለት ሌሎች ሐኪሞች በጽሑፍ ከተስማሙ ጽንሱን ማቋረጥ ይቻላል። ክብሯን ለመጠበቅ ብላ ላስወረደች ሴት ቅጣት የሚያቀልል አንቀጽም አለ። መደፈር ግን ለፈቃድ የሚያበቃ ምክንያት ተደርጎ አልገባም። ማዳሟ (አሠሪዋ) በር ቆልፋባት የምትወጣ፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት ልጅ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አገር ቤት በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ተደፍራ ላረገዘች ፈቅዷል፤ ለማስረጃም የራሷን ቃል ይቀበላል። ያቺው ሴት ከቦሌ ተነስታ ቤይሩት ስትደርስ ይህ መብቷ ይቀራል።

ኪኒኑ ራሱ ለውርጃ አልተሠራም። ሳይቶቴክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ገበያ የወጣ የጨጓራ ቁስል መድኃኒት ነው፤ ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ውርጃ በተከለከለበት በብራዚል ሴቶች ያንን ማስጠንቀቂያ አይተው ሌላ ጥቅም አገኙበት። ፈረንሳይ በ1988 ሚፌፕሪስቶን የተባለውን ሌላ የውርጃ መድኃኒት ፈቀደች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገባ። ዶራ በሚባለው ሰፈር እሑድ እሑድ ሴቶቹ የሚያሳዩኝ ያንኑ ነጭ፣ ባለ ስድስት ጎን የሳይቶቴክ ኪኒን ነው። ብዙውን ጊዜ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ያለ ማሸጊያው፣ ያለ መመሪያው ነው።

ለማን እንደሚሆን የሚለየው ግን መመሪያውና ምርመራው ነው። መጀመሪያ ሳምንቱ ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። እዚህ ቀን የሚታወሰው በቤቱ ድግስ ነው። «የኢድ ሰሞን፣ እንግዳ የበዛ ጊዜ፣ ያኔ መጥቶብኝ ነበር» ትለኛለች አንዷ፤ ከዚያ ተነስተን በጣታችን እንቆጥራለን። ቀጥሎ ማህፀኗ ውስጥ ሉፕ እንዳለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ትወስድ እንደሆነ፣ ደም የማይረጋ ሕመም ወይም ከባድ የደም ማነስ ይኖርባት እንደሆነ ይጠየቃል። ፖርፊሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባትም ሚፌፕሪስቶንን አትወስድም። እኔ የምጠይቀው አልትራሳውንድ ሳይኖረኝ፣ የደም ምርመራ ሳይኖረኝ ነው። ለዚህ ነው መልሴ ሁልጊዜ «ሐኪም ይይሽ» የሚሆነው፤ እነሱም ሁልጊዜ «የትኛው ሐኪም?» ይሉኛል። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላት ሆስፒታል በር ላይ መያዝን ትፈራለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው የጣሏቸው ሴቶች አስፋልት ላይ ካደሩ በኋላማ ፍርሃቱ ባሰ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ነው፤ ኪኒኑ አያቋርጠውም። አንዲት ቡርጅ ሐሙድ የምትኖር ልጅ ኪኒኑን ገዝታ ዋጠች፣ ደማች፣ አለቀ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስትጠራኝ ቀኝ ጎኗን ከታች ይዛ ቀና ማለት አቅቷት ነበር፤ ትከሻዋንም ያማት ነበር፤ ይህ ሆድ ውስጥ ደም ሲፈስ የሚመጣ ሕመም ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። እንዲህ ያለውን እርግዝና ማከም በ1969ኙ ድንጋጌ መሠረትም ወንጀል አይሆንም፤ ሕይወቷን ማትረፍ ነውና። እሷ ግን ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ እስር ቤት የምንወስዳት መስሏት ሆስፒታል እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ እየታገለችን ሄደች። ሆስፒታሉ አልጋ ከመስጠቱ በፊት መያዣ ጠየቀ፤ የእቁባችንን ብር አውጥተን ከፈልን። በቀዶ ሕክምና አንዱን የማህፀን ቱቦ አወጡላት።