የፍል ውሃዋ ከተማ ኦርኬስትራ

ባደን ባደን በፍል ውሃዋና በቁማር ቤቷ የምትታወቅ የጀርመን ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደቡብ ምዕራብ ጀርመንን የያዙት ፈረንሳዮች ዋና መቀመጫቸውን እዚያ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1946 ራዲዮ ጣቢያ ተከፈተ፤ ጣቢያውም ወዲያው የራሱን ኦርኬስትራ አቋቋመ።

ናዚዎች “የተበላሸ” ብለው ያገዱትን ዘመናዊ ሙዚቃ ለአድማጭ መመለስ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ የሃይንሪሽ ሽትሮብል ዋና ሐሳብ ነበር። በ1948 መሪ ሆኖ የመጣው ሃንስ ሮስባውድ ደግሞ ልምምድ የማይታክተው ሰው ነበር። በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበውን የአቀናባሪውን የፒየር ቡሌዝን “ጌታ የሌለው መዶሻ” 50 ጊዜ ያህል እንዳለማመደው ይነገራል፤ ያውም አንዲት ዘፋኝና ስድስት ተጫዋቾች ብቻ ያሉበትን ሥራ! በትኬት ገቢ የሚተዳደር ቡድን ይህን ቢሞክር በወሩ በተዘጋ። የእነዚህ ደመወዝ ግን የሚመጣው አድማጩ ለራዲዮ ከሚከፍለው ገንዘብ ነበር።

ከ1950 ጀምሮ ኦርኬስትራው ለአዲስ ሙዚቃ ፌስቲቫል ወደ ዶናውኤሺንገን ከተማ ይሄድ ነበር። በጥቅምት 1961 ሮስባውድ እዚያ የአቀናባሪውን የጆርጂ ሊጌቲን “አትሞስፌር” አሰማ። ሥራው ዜማ የለው፣ እግር የሚያስመታ ምት የለው። በሌላ ጊዜ አንድ ወረቀት ለሁለት እያዩ አብረው የሚጫወቱት ቫዮሊኖች እዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ተጽፎላቸዋል፤ ሁሉም ሲደመር እንደ ጉም የሚንሳፈፍ ነገር ይሆናል። መጨረሻው ላይ የፒያኖው ክሮች በብሩሽ ይዳበሳሉ፤ ከዚያ ዝምታ ነው። አድማጩ ይደገም አለ፤ ተደገመለት።

ከሮስባውድ በኋላ ኦርኬስትራውን ኧርነስት ቡር፣ ቆይቶም ሚካኤል ጊለን መሩት፤ መኖሪያውም ወደ ፍራይቡርግ ዞረ። በ1998 የባደን ባደንና የሽቱትጋርት ጣቢያዎች ሲዋሃዱ አንድ ቀጣሪ ሁለት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ያዘ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው። በ2012 ወጪ ለመቀነስ ሁለቱ ይቀላቀሉ ተባለ፤ ቡሌዝን ጨምሮ ስንትና ስንት ሙዚቀኛ ቢቃወምም ሰሚ አልተገኘም። ሐምሌ 17 ቀን 2016 ኦርኬስትራው ፍራይቡርግ ላይ የመጨረሻውን ኮንሰርት አቀረበ። የተቀላቀለው ቡድን ሽቱትጋርት ገባ። ቁጠባው ሐሰት ነው አልልም፤ ግን ለ50 ልምምድ ትዕግሥት የነበረው ያው ራዲዮ ነበር።

የስታንሊ ኩብሪክን “2001” የተሰኘ የጠፈር ፊልም የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነው። ምስል ሳይመጣ ከጨለማው ውስጥ የሚሰማው “አትሞስፌር” ነው፤ ቡር እየመራው የሚጫወተውም ይኸው ኦርኬስትራ።